የበቅሎ ዕድሜ በጥርሷ፣ የጎማ ዕድሜ በጎኑ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ብርሃን የምኖር አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ መስከረም ላይ እኔና ባለቤቴ ቆጥበንም ተበድረንም አንድ ያገለገለች ኮሮላ ገዛን። እናቴ ሸዋ ሮቢት ናት። በየሁለት ሳምንቱ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ጣርማ በርን እወርዳለሁ። በቀደም መካኒካችን ‹የኋላ ጎማዎችሽ ደርቀዋል› አለኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ ከውጭ የመጡ፣ ያገለገሉ ግን ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ አራት ጎማዎች አሳየኝ። በሁለት አዲስ ጎማ ዋጋ አራቱንም እንካችሁ ይላል። ጎናቸው ላይ 3516 የሚል ቁጥር አለ። ‹የ2016 ነው፣ ገና ሁለት ዓመቱ› ብሎኛል። ወንድሜ ‹ከውጭ የመጣ ጥራት አለው፤ እንዳያመልጥሽ› ይላል። መንዝ ያሉት አማቴም በስልክ ‹ጎማ እንደ በቅሎ ነው፤ ጥርሱን አይተሽ ግዢ› አሉኝ። አሁን መኪናዋ ላይ ያሉትን ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊቶቹ ሁለቱ 4521፣ የኋላዎቹ ሁለቱ 1113 ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?
ጎማ ያሳሰበኝ፣ ከደብረ ብርሃን»

እህቴ፣ ነጋዴው በቁጥሩ አልዋሸሽም። ጎማው የ2016 ነው። የማን 2016 እንደሆነ ግን አልነገረሽም።

የጎማ ፋብሪካ እንቁጣጣሽን አያውቅም። ጎማው ከየትም አገር ይምጣ፣ ጎኑ ላይ የሚታተመው ዓመት የፈረንጅ ነው። አራቱ ቁጥሮች የሚነበቡት ለሁለት ተከፍለው ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 3516 ማለት በፈረንጆቹ 2016፣ በዓመቱ 35ኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በኛ ሲመነዘር ነሐሴ 2008 ማለቂያው ላይ ይውላል። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ድፍን አስር ዓመት ሊሞላው ነው። የዛሬዎቹ አምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ያኔ ዳዴ ይሉ ነበር።

ሰውየው ሳያውቅ ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ጎማ ነጋዴ አይጠፋም፤ አውቆ ዝም የሚልም አለ። አሁን ያለንበት ዘመን ደግሞ ለዚህ ስህተት የተመቸ ነው። 15፣ 16፣ 17 የሚሉ ቁጥሮች በኛ አቆጣጠር የትናንት ይመስላሉ። መልሱ ግን ከእጅሽ ነበር። የራስሽ መኪና የፊት ጎማ ላይ 4521 አንብበሻል። በኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ እኮ ያ ጎማ ገና አልተወለደም!

ለመመንዘር ቀላል ነው። 37ኛው ሳምንት አካባቢ የኛ አዲስ ዓመት ይገባል። ስለዚህ የሳምንቱ ቁጥር ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሺ፤ ከ37 በላይ ከሆነ 7። የፊት ጎማዎችሽ 4521 ናቸው፤ 7 ሲቀነስ 2014 ይሆናል፣ ኅዳር መጀመሪያ ገደማ። የኋላዎቹ 1113 ናቸው፤ 8 ሲቀነስ 2005፣ መጋቢት። መካኒክሽ እጁን ሊሳም ይገባዋል። የኋላ ጎማዎችሽ ዘንድሮ አስራ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፤ የመንዝ ሰው ስለ በቅሎና ፈረስ የሚናገረውን እኔ አላርምም። በገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ የበቅሎዋን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገልበጥ አድርገው፣ ጥርሷን አንድ ጊዜ አይተው፣ «ይቺ ስምንት አልፏታል» ብለው ሲሄዱ አይቻለሁ። ባለቤትየው አምስት ናት ብሎ ሲምል ነው የዋለው። በቅሎ ስትበላ ጥርሷ ያልቃል። ብትሠራም ባትሠራም መብላቷ ስለማይቀር፣ ጥርሷ ዕድሜዋን በትክክል ይቆጥራል።

ጎማ ጥርሱ የሚያልቀው ሲሄድ ብቻ ነው። ቆሞ ያረጀ ጎማ ጥርሱ እንዳለ ይኖራል። ጥርሱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ይነግርሻል እንጂ ስንት ክረምትና በጋ እንዳለፈበት አይነግርሽም። እንዲያውም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ጎማ ባህር ማዶ የነበረው ባለቤቱ፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ለምን አወለቀው? እኔ ነጋዴው ፊት ብቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ላስቲክ ለምን ያረጃል? ቤት ውስጥ ያለ ጠፍር አስቢ። ቅቤ እየጠጣ፣ እየታሸ፣ ሥራ ላይ ከዋለ ይለሰልሳል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከተረሳ ግን ይደርቃል፣ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። ጎማም ውስጡ እንደ ቅቤው የሚያገለግል፣ ሰም መሰል ነገር ተቀላቅሎበት ነው የሚሠራው። ጎማው ሲሽከረከርና ሲታጠፍ ያ ሰም ወደ ውጭ እየወጣ ላዩን ይሸፍነዋል፤ ከአየርና ከፀሐይ ይጠብቀዋል። የቆመ ጎማ ይህን አያገኝም። ሌላው ጠላት ደግሞ የምንተነፍሰው አየር ራሱ ነው። ኦክስጅን ቀስ እያለ ላስቲኩ ውስጥ ይገባና ያደርቀዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ነገሩ ይፈጥናል።

ከላይ የምታዪው ስንጥቅ ገና ምልክቱ ነው። ዋናው ጉዳይ ውስጥ ነው። ከጥርሱ ሥር በቀጭን የብረት ሽቦ የተሠሩ ንጣፎች አሉ። አንዱን ንጣፍ ከሌላው ያጣበቀው ላስቲክ ነው። እሱ ሲደርቅ መያዙን ይለቃል። ይህ በዓይን አይታይም። ጎማው ቆሞ ሲያዩት ቆንጆ ነው። ሰው ሲጫንበት፣ አስፋልቱ ሲግል፣ ፍጥነት ሲጨመር ነው የሚለየው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ። አንድ ወዳጄ «መጋዘን የከረመ፣ መንገድ ያላየ» ብሎ ሁለት ጎማ በርካሽ ሰጠኝ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ጣት የሚያስገባ። አመስግኜ ወሰድኩ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ፣ ወደ ደብረ ሲና እየመጣሁ ነበር። አርማኒያ ከተማ ሳልደርስ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንገዱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ በግራ በኩል ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። ቡሎን የላላ መሰለኝ። ዳር ልይዝ ሳስብ አንድ ነገር ከሥር በጥፊ እንደመታኝ ሆነ፤ መኪናዋ ወገቧን ጣለች።

እንደምንም ዳር ይዤ ወረድኩ። ጎማው ውስጥ ንፋስ አለ! አልፈነዳም። ላዩ ነው የሌለው። ያ ጥርስ፣ ያ የሚያምረው ጥርስ፣ ዙሪያውን ተልጦ ግማሹ ጭቃ መከላከያው ላይ ተጠቅልሏል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። እንጀራ ሲበስል ዳሩ ከምጣዱ ተነስቶ እንደሚላቀቅ ዓይነት ነበር፤ ንጹህ አለያየት። ከሥር የሽቦው ጫፍ እንደ ፂም ቆሟል። በማሾው ማሳ ውስጥ የነበረ አንድ ገበሬ መጥቶ ቁራጩን አንስቶ አገላብጦ አየና፣ «ጌታዬ፣ ይሄስ ለበረባሶም አይሆን፤ ደርቋል» አለኝ። ሽንኩርቱን እያወረድን ስኮርታ ቀየርን። የጎማውን ቁጥር ያኔ ነው ያየሁት፤ ጎኑን በውኃ ጠርጌ። ሲቆጠር አስራ አንድ ዓመት።

እኔ ዳገት ላይ ቀስ እያልኩ ስለነበር ተረፍኩ። ሁሉም እንዲህ አይታደልም። በፈረንጆቹ 2012 እንግሊዝ አገር ከሙዚቃ ድግስ ወጣቶችን ይዞ የሚመለስ አንድ አውቶቡስ የፊት ጎማው ለቀቀና ከመንገድ ወጥቶ ሦስት ሰው ሞተ። ጎማው ሲመረመር አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጥርሱ ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ነበር፤ በጊዜው የጎማን ዕድሜ የሚከለክል ሕግም አልነበረም። ልጇን ያጣች አንዲት እናት ዓመታት ሙሉ ስትሟገት ኖራ፣ ከፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ እዚያ አገር በከባድ መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ ከአስር ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ተከለከለ። ለአንቺ ነሐሴ ላይ አስር የሚሞላውን ነው እየሸጡልሽ ያሉት።

«ታዲያ ስንት ዓመት ነው ልኩ?» ትይኝ ይሆናል። አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ብዙ መኪና አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ስድስት ዓመት ሲሞላው ይቀየር ይላሉ። ሚሼሊን የሚባለው የፈረንሳይ ጎማ ሠሪ ደግሞ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፣ ከተሠራ አስር ዓመት የሞላው ግን ደህና ቢመስልም ይነሳ ይላል። የኔ አቋም ይኸው ነው፦ ስትገዢ ከሦስት ዓመት ያለፈውን አትግዢ፤ ስድስት ሲሞላው ለመቀየር ተዘጋጂ፤ አስርን በምንም ሰበብ አትጠብቂ። ልጅ ጭነሽ ጣርማ በርን የምትወርጂ ሰው ነሽና ከጥንቃቄው በኩል ብታዘነብዪ ማንም አይስቅብሽም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ እሱ ነውና ጭንቅሽ። ነጋዴው «በሁለት ዋጋ አራት» አለሽ። አንቺ ግን አራት ጎማ አያስፈልግሽም! የፊቶቹ ገና አራት ዓመት አለፍ ቢላቸው ነው። ካልተሰነጠቁ፣ ካላበጡ፣ ጥርሳቸውም ካለ፣ አንድ ሁለት ዓመት በደንብ ያገለግሉሻል። ኅዳር 2020 ላይ ስድስት ይሞላቸዋል፤ እስከዚያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጪ። የሚነሱት የኋላዎቹ ሁለቱ ናቸው። እና ያንኑ ገንዘብ ይዘሽ ሁለት አዲስ ጎማ ግዢ። ሒሳቡ እኩል ነው።

አዲሶቹን የት ይግጠሙልኝ ስትይ ጎሚስታው «ፊት ይሻላል» ሊልሽ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያምነው እንደዚያ ነው፤ ሞተሩም መሪውም ፊት ነው በሚል። ጎማ ሠሪዎች የሚመክሩት ግን ጥሩ ጥርስ ያለው ከኋላ እንዲሆን ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው። አስፋልቱ ረጥቦ የፊት ጎማ ቢንሸራተት መኪናዋ ቀጥ ብላ ትገፋለች፤ እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ትመለሳለች። የኋላው ቢንሸራተት ግን መኪናዋ ቂጧን ታዞራለች። በክረምት ጉም ውስጥ ጣርማ በር መታጠፊያ ላይ ያንን ማስተካከል ለኔም ለአንቺም ከባድ ነው። ደግነቱ መነሳት ያለባቸው የኋላዎቹ ስለሆኑ ፊትና ኋላ ማቀያየር እንኳ አያስፈልግሽም። አዲሶቹ እዚያው ይግቡ።

ሱቅ ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። ቦርሳሽ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ያዢ። ስልክሽ መብራት አለው። ጎማውን አውርዱልኝ በዪ፤ ተደርድሮ እንደተሰቀለ አትመኚ። ጎኑን ጥረጊው። በእንግሊዝኛ ዲ፣ ኦ፣ ቲ የሚሉ ሦስት ትልልቅ ፊደላት ፈልጊ። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህጻር ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ፤ መጨረሻው ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች፣ ብዙ ጊዜ ሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት፣ የምትፈልጊያቸው ናቸው። አንድ ጎን ላይ ካጣሽው አትደናገጪ፤ ሙሉው ቁጥር በአንድ በኩል ብቻ ሊሆን ስለሚችል ገልብጪው። አንዳንድ ጊዜ መኪና ላይ የተገጠመ ጎማ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ይዞርና እንደ መካኒክ ሥር መግባት ግድ ይላል። ቀሚስሽን አታበላሺ፤ ጎሚስታው ይግባልሽ።

በሁለቱም በኩል ፈልገሽ ካላገኘሽው፣ ወይም ቦታው ተፍቆ ለስልሶ ካየሽ፣ አመስግነሽ ውጪ። ምክንያቱን አትጠይቂ። በአራት ፈንታ ሦስት ቁጥር ብቻ ካለ ደግሞ ጎማው የተሠራው ከፈረንጆቹ 2000 በፊት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሱቅ ውስጥ አታገኚውም፤ አንዳንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ሥር ተንጠልጥሎ ግን ሊኖር ይችላል።

የሚያብረቀርቅ ጥቁረት አያታልልሽ። ጎማን ቅባት ቀብቶ ማስዋብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጎኑን በአውራ ጣትሽ ተጫኚውና ትንሽ ለጠጥ አድርጊው። ቅባት ሸፍኖት የነበረ የፀጉር ስንጥቅ ያኔ ብቅ ይላል። በጥርሶቹ መሀል ያለውን ቦይ ደግሞ ወለሉን እዪ፤ እዚያ ያለ ስንጥቅ ጎን ላይ ካለው የባሰ ነው። ቦዩ ውስጥ በየቦታው ከፍ ያሉ ትናንሽ ድልድዮች ታያለሽ። ጥርሱ አልቆ ከነሱ እኩል ሲሆን 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ያ ጎማ አብቅቷል። ከቸርኬው ጋር የሚገናኘው ከንፈሩ የተቀደደ ወይም የተቦጨቀ ከሆነም አይሆንም። ልኩና የመሸከም አቅሙ ደግሞ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር መግጠም አለበት። ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ሂጂ።

ድርድሩ ላይ አትፈሪ። «ወንድሜ፣ ይሄ የፈረንጅ 2022 ነው፤ የቅርብ ቀን ያለው የለህም?» ስትዪው ሰውየው ቀና ብሎ ያይሻል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ከጓሮ የተሻለ ይዞ ይመጣል። እኔ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኖልኛል። አዲስ የተባለ ጎማ መርከብ ላይና መጋዘን ውስጥ ቆይቶ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ተኩል ቢሆነው ግን የተለመደ ነው፤ ለሱ አትጣዪ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተከምሮ የከረመውን ግን ቀኑ ቅርብ ቢሆንም አልመርጥም። ሱቁ ውስጥ፣ ጨለም ያለ ቦታ ከተቀመጠው አውጣልኝ በዪ።

ስለ ንፋስ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ እዚህ እኛ አካባቢ የማይሞት ወሬ አለ። «ወደ ቆላ ስትወርድ ንፋስ አስቀንስ፣ ሙቀት ያሳብጠዋል።» ከደብረ ብርሃን ሲነሱ ንፋስ የሚያስተነፍሱ ሾፌሮች አውቃለሁ። ነገሩ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ያልሞተው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ገደማ። በጠዋት ውርጭ ሞልተሽው ቆላ ስትደርሺ ሙቀቱ በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምረዋል፣ እውነት ነው። ግን በዚያው መጠን ስትወርጂ የውጭው አየር ይከብዳል፤ ከውጭ ሆኖ ጎማውን የሚጫነው አየር ስለጨመረ መለኪያው ሁለት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። አርማኒያን አልፈሽ ስትለኪው ከተነሳሽበት ብዙ አይርቅም።

ንፋሱ የጎደለ ጎማ ደግሞ በየዙሩ ይበልጥ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ራሱ ያግለዋል። ሽቦውን የያዘው ላስቲክ የሚለቀው በዚህ ሙቀት ነው። ያረጀ ጎማ፣ የጎደለ ንፋስ፣ ቆላ፣ ጭነት፤ አራቱ ከተገናኙ የኔን ቀን ትደግሚዋለሽ። ስለዚህ በሩ ላይ የተጻፈውን ልክ፣ ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ አስሞዪ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረጂ። ፍሬን ላይ ተኝተሽ ከወረድሽ የፍሬኑ ግለት በቸርኬው በኩል አልፎ ጎማውንም ያገኘዋል።

አያድርገውና ጎማ ቢለቅብሽ እግርሽ ወደ ፍሬን ይሮጣል። አትፍቀጂለት። መሪውን በሁለት እጅ ጥብቅ አድርገሽ ቀጥ አድርጊ፣ ነዳጁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ መኪናዋ ራሷ እየደከመች ትምጣ፣ ከዚያ ዳር ያዢ። ልጆቹ ከኋላ ቢጮሁም አትዙሪ። መኪናዋ ቆማ ከወረዳችሁ በኋላ አቅፈሽ ታባብያቸዋለሽ።

ለወንድምሽ ደግሞ እንዲህ በይልኝ። «ከውጭ የመጣ ጥራት አለው» ያለው እውነት ሊሆን ይችላል። ከአስር ዓመት በፊት ጥራት ነበረው። አማትሽን ግን በስልክ አታርሚያቸው፤ ነውር ነው። መኪናዋን ይዘሽ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስትሄጂ የአዲሱን የኋላ ጎማ ጎን ጠርገሽ ቁጥሩን አሳዪያቸው። «አባባ፣ የዚህኛው ከንፈር እዚህ ጋ ነው የሚገለበጠው» በያቸው። የበቅሎ ነገር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

የሚነሱትን የ1113 ጎማዎች ጎሚስታው «ተውልኝ» ይልሻል፤ ከፍሎም ሊወስዳቸው ይችላል። ጎናቸውን በቢላ ሳታስቀድጂ አትስጪው። ነገ ቅባት ተቀብተው ለሌላ እናት እንዳይሸጡ ነው። ከዚያ በኋላ የአጥር ማስደገፊያም ያድርጋቸው፣ የበግ መመገቢያም ያድርጋቸው፣ የሱ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። የአራት ጎማ ቁጥር ጽፈሽልኛል። መኪናሽ ግን አምስት ጎማ ነው ያላት። ስኮርታው ከኋላ፣ ከምንጣፉ ሥር ተኝቷል፤ ከክሪኩ አጠገብ። ከፋብሪካ እንደወጣ ተነክቶም ላያውቅ ይችላል፣ ጥርሱም ሙሉ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ አውጪውና አራቱን ቁጥሮች ላኪልኝ።